ርካሽ ጉልበት በስንት ይገዛል? የቋሚ፣ የወቅትና የቀን ሠራተኛ ወጪ ከካንጋተን ሲታይ

የኛንጋቶም ወረዳ ዋና ከተማ ካንጋተን በኦሞ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ፋብሪካ ባይኖርባትም ቀጣሪ አላጣችም። የወረዳው ጽሕፈት ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የጤና ተቋማት፣ የእርዳታ ድርጅቶችና የግንባታ ተቋራጮች ሰው ይቀጥራሉ፤ ከወንዙ ሽቅብ ደግሞ የኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማት በሺህ የሚቆጠር ጉልበት ይፈልጋል። የሚቀጠረው ሰው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በመደበኛ በጀት ደመወዝ የሚቆረጥለት ቋሚ ሠራተኛ፣ በፕሮጀክት ገንዘብ የገባ ኮንትራት፣ በወቅት የሚመጣ አገዳ ቆራጭ፣ በቀን ሒሳብ የሚውል ጉልበት ሠራተኛ፣ በሴፍቲኔት የልማት ሥራ የሚሳተፍ አርብቶ አደር፣ በበጎ ፈቃድ ስም ያለ ክፍያ የሚያገለግል ሰው ሁሉም በአንድ ዞን ውስጥ ይገኛሉ።

ለቀጣሪው ከእነዚህ የትኛው ይረክሳል? ጥያቄው ሲያዩት የሒሳብ ሠራተኛ ጥያቄ ይመስላል። መልሱ ግን በኢኮኖሚስቶች፣ በአሠሪዎችና በሠራተኛ ማኅበራት ዘንድ ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። ይህ ዳሰሳ የክርክሩን መነሻ፣ ሦስቱን ዋና ዋና አቋሞችና ማስረጃዎቻቸውን፣ በመጨረሻም ገና ያልተቋጩትን ነጥቦች ይቃኛል።

ቋሚና ጊዜያዊ የሚባል ልዩነት ከየት መጣ?

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የቅጥር ታሪክ ውስጥ ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው በስኳር እርሻ ነው። ኤችቪኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ሲጀምር ሁለት ዓይነት ሠራተኛ አስፈለገው። ፋብሪካው መሣሪያ የሚያውቅና ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ሰው ይፈልጋል። እርሻው ግን በቆረጣ ወቅት ብዙ እጅ፣ ክረምት ሲገባ ጥቂት እጅ ይበቃዋል። ለቆረጣው ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ የሚመጡ ሰዎች ተሰማሩ። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት አበራ ገሙም ከዚሁ ከወንጂ የወጡ ነበሩ። የአገሪቱ የሠራተኛ ማኅበር ታሪክና የአገዳ እርሻ የቅጥር ክፍፍል በአንድ አፈር የበቀሉ ናቸው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ክፍፍል በመንግሥትና በግል ሠራተኛ መካከል የተፈጠረው ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጡረታ ዋስትና ሲኖረው፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የታወቀ ጡረታ ያገኘው አዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲወጣ ነው። በመካከሉ ባለው ግማሽ ክፍለ ዘመን ገደማ የግል አሠሪው ፕሮቪደንት ፈንድ ካላቋቋመ በቀር ለሠራተኛው እርጅና የሚያዋጣው ነገር አልነበረም። የግል ሠራተኛ ያኔ የረከሰው ሥራው ስላነሰ አልነበረም፤ የእርጅናው ወጪ በአሠሪው መዝገብ ላይ ስላልሰፈረ ነው።

ደመወዝና ወጪ ለየቅል ናቸው

ዛሬ የግል አሠሪን የሚገዛው ዋናው ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ላልተወሰነ ጊዜ መቅጠርን መደበኛ፣ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ሥራ መቅጠርን ደግሞ በዝርዝር የተፈቀደ ልዩ ሁኔታ ያደርጋል። ወቅታዊ ሥራ፣ ድንገት የበዛ ሥራ፣ በጊዜው የሌለን ሠራተኛ መተካት ከልዩ ሁኔታዎቹ መካከል ናቸው። አሠሪው ከደመወዝ በላይ የሚሸከማቸው ግዴታዎችም ተዘርዝረዋል፦ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ፣ ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳና የስንብት ክፍያ። በዚህ ላይ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 አሠሪው ከደመወዙ 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ እንዲያዋጡ ያስገድዳል።

እነዚህ ግዴታዎች ወደ ገንዘብ ሲመነዘሩ ምን ያህል እንደሚሆኑ በምሳሌ እንመልከት። በወር 6,000 ብር፣ በወር 26 የሥራ ቀን የተቀጠረ ሰው እንውሰድ። በየቀኑ ሲካፈል ደመወዙ ወደ 231 ብር ይሆናል። የዓመቱ ደመወዝ 72,000 ብር ነው፤ የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 7,920 ብር ሲጨመርበት 79,920 ብር ይደርሳል። ከዓመቱ 312 የሥራ ቀናት 16ቱን የዓመት ፈቃድ፣ በሥራ ቀን የሚውሉ 11 የሕዝብ በዓላትን ብንቀንስ 285 ቀን ይቀራል። እንግዲህ አንድ የተሠራበት ቀን አሠሪውን ወደ 280 ብር ያስወጣዋል፤ ይኸውም ከተራው የቀን ሒሳብ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይበልጣል። ሕመም፣ ወሊድ፣ ጉዳትና ስንብት ገና አልገቡበትም። ይህ ሰው ሦስት ዓመት ሠርቶ ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ቢሰናበት፣ ለመጀመሪያው ዓመት 6,000 ብር፣ ለቀሪዎቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ የአንድ ሦስተኛ ጭማሪ ተደርጎ በድምሩ 10,000 ብር ይገባዋል።

ከሠራተኛው ወገን ሲታይ ሒሳቡ ሌላ መልክ አለው። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት በ6,000 ብር ላይ 700 ብር ግብር፣ 420 ብር የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል። እጁ የሚገባው 4,880 ብር ነው። አሠሪው በወር 6,660 ብር አውጥቷል፤ በመካከል ያለው ልዩነት 1,780 ብር ነው። በአንጻሩ በቀን 250 ብር የሚከፈለውና በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረ ሰው 26 ቀን ከዋለ 6,500 ብር ሳይቆረጥ ይዞ ይሄዳል። ለአሠሪው ዋጋው ያነሰ፣ ለሠራተኛው ደግሞ እጅ በእጅ የበዛ የሆነው ይህ ክፍያ ሁለቱም ወገኖች ከመዝገብ ውጭ መሆንን የሚመርጡበትን ምክንያት ያስረዳል። የቀረበት ጡረታው፣ ፈቃዱና የጉዳት ዋስትናው ነው፤ እሱም የሚታየው በኋላ ነው።

ከበዓላት አያያዝ የሚመጣም ልዩነት አለ። በወር የሚከፈለው ሠራተኛ በሕዝብ በዓል ባለመሥራቱ ደመወዙ አይቀነስበትም። በቀን ወይም በሥራ ውጤት የሚከፈለው ግን ይህን የሚያገኘው ውሉ ወይም የኅብረት ስምምነቱ ከፈቀደለት ነው። በመስቀል በዓል ሁለቱ እኩል ቤታቸው ይውላሉ፤ የዕለቱን ዋጋ ለአንደኛው አሠሪው ሲሸፍንለት ሁለተኛው ከኪሱ ይሸፍናል።

የመጀመሪያው አቋም፦ ቋሚ ሠራተኛ ይከብዳል

የአሠሪዎች የተለመደ ክርክር ከዚህ ሒሳብ ይነሣል። ሥራው ወቅታዊ ከሆነ ለማይሠራበት ወር መክፈል ኪሳራ ነው። የአገዳ ፋብሪካ ክረምት ሲገባ ለጥገና ይቆማል፤ የእርዳታ ፕሮጀክት የለጋሹ በጀት ሲያልቅ ይዘጋል፤ የመንገድ ተቋራጭ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ይሻገራል። የወረዳ አስተዳደርም ከዚህ አያመልጥም። ቋሚ መደብ ከፈቀደ መደበኛ በጀቱን ለዓመታት ያስራል፤ ጊዜያዊ ሠራተኛ ግን ከፕሮጀክት ወይም ከካፒታል በጀት ሊከፈል ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ እንዲል የተደረገው የ2018 ዓ.ም. ማሻሻያ ለሠራተኛው እፎይታ ቢሆንም፣ አብዛኛው በጀቱ ደመወዝ ለሆነ ወረዳ የአዲስ መደብን ዋጋ አንሮታል።

ለዚህ አቋም ንድፈ ሐሳባዊ መሠረት የሰጠው ኢኮኖሚስቱ ዋልተር ኦይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ጥናት ሠራተኛ መቅጠር ከደመወዙ ሌላ ከሰዓቱ ጋር የማይለዋወጥ ወጪ እንዳለው አሳየ። መፈለግ፣ መምረጥ፣ ማሠልጠንና ማሰናበት አንድ ሰው ለአንድ ቀን ቢሠራም ለዓመት ቢሠራም የሚከፈሉ ናቸው። የአገዳ ቆራጭን ሥራ በአጭር ጊዜ ማስተማር ይቻላል፤ ስለዚህ ቋሚ ወጪው ትንሽ ነው፣ ወቅታዊ ቅጥርም ያዋጣል። የፓምፕ ቴክኒሻን ወይም የነርስ ቋሚ ወጪ ግን ከባድ ነው። የአቋሙ ጠንካራ ጎን ይህን ልዩነት ማየቱ ነው። ደካማ ጎኑ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ጥበቃና ጽዳት ሳይቀር በጊዜያዊ ስም መቅጠርን ተገቢ ለማስመሰል መዋሉ ነው። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ወቅት የለውም።

ሁለተኛው አቋም፦ የሚከብደው የሠራተኛው መልቀቅ ነው

ሁለተኛው ወገን ዝቅተኛ ክፍያ ራሱ ወጪ ነው ይላል። ዘወትር የሚጠቀሰው ማስረጃ የሄንሪ ፎርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በፋብሪካው የሠራተኛ መለዋወጥ 370 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት የቀን ክፍያውን 5 ዶላር ካደረገ በኋላ መልቀቁም መቅረቱም በእጅጉ ወረደ።

ለኛ የሚቀርበው ማስረጃ ሐዋሳ ነው። በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለሀብት ከሳበባቸው ነገሮች አንዱ የጉልበት ርካሽነት ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት የፓርኩ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበርና ይህም ከዓለም የልብስ አምራቾች ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ ገልጿል። በዚያው ሪፖርት እንደሚታየው ፋብሪካዎቹ በመጀመሪያው ዓመት ሠራተኛቸው ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ሲለወጥባቸው አይተዋል። ሥልጠናው በየጊዜው እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ምርታማነቱም ከተጠበቀው በታች ይሆናል።

ሁኔታውን የሚያወሳስበው ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ ያካሄዱት ጥናት ነው። በአምስት ድርጅቶች ለሥራ ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በዕጣ ተለይተው ታዩ። ሥራውን ካገኙት መካከል አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ለቀቁ፤ ገቢያቸው ካላገኙት ብዙም አልበለጠም፤ የጤና ችግርም ተስተዋለ። ታዲያ ድርጅቶቹ ለምን ደመወዝ አልጨመሩም? በር ላይ የተሰለፈ አመልካች ስለነበረ ነው። መልቀቅ ለአሠሪው ከባድ የሚሆነው ተተኪ ማግኘትና ማሠልጠን ከባድ ሲሆን ብቻ ነው። ሁለተኛው አቋም ስለዚህ ለሁሉም ሥራ እኩል አይሠራም።

በአገዳ እርሻ ግን የመቅረት ዋጋ ከፍ ይላል። ተቃጥሎ የተቆረጠ አገዳ በፍጥነት ካልተጨመቀ ስኳሩን ያጣል፤ ወፍጮው አገዳ ጠፍቶ ሲቆም የቀረው ሰው የቀን ክፍያ ከኪሳራው ጋር አይወዳደርም። ብዙ እርሻዎች ይህን ለመቋቋም በቁርጥ፣ ማለትም በሥራው መጠን፣ ይከፍላሉ። ኤድዋርድ ላዚር በአሜሪካ የመኪና መስታወት በሚገጥም ድርጅት ላይ ያደረገው ጥናት በሰዓት ከመክፈል በቁርጥ ወደ መክፈል ሲዞር ምርታማነት 44 በመቶ ማደጉን አሳይቷል፤ ግማሹ ሰዎቹ ይበልጥ ስለተጉ፣ ቀሪው ጎበዞቹ ስለመጡና ስለቆዩ ነው። በቁርጥ መክፈል ግን የራሱን ወጪ ይዞ ይመጣል። ስኳር የሚበዛው በአገዳው ግርጌ ነው፤ የሚጣደፍ ቆራጭ ከፍ አድርጎ ከቆረጠ ምርጡ ክፍል መሬት ላይ ይቀራል። ቁጥጥሩ ለሌላ ሰው ሌላ ደመወዝ ይጠይቃል።

ሦስተኛው አቋም፦ ወጪው ለሌላ ተላልፏል

ሦስተኛው ወገን ጥያቄው ራሱ ጎድሏል ይላል። ደቡብ አፍሪካዊው ሃሮልድ ዎልፕ እ.ኤ.አ. በ1972 እንደተከራከረው፣ የማዕድን ኩባንያዎች ለጥቁር ሠራተኞች እጅግ ዝቅተኛ ደመወዝ መክፈል የቻሉት የሠራተኛውን ልጆች፣ ሕመምተኛውንና ሽማግሌውን የሚመግበው በገጠር የቀረው ቤተሰብ ስለነበረ ነው። ደመወዙ ሙሉ ሰው አያኖርም፤ የጎደለውን መሬቱ ይሞላዋል።

ይህ ክርክር በኛንጋቶም ትርጉም አለው። የኛንጋቶም ቤተሰብ በከብትና በፍየል፣ እንዲሁም ኦሞ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ በሚዘራ ማሽላ ይኖር ነበር። ለጥቂት ሳምንታት የቀን ሥራ የሚወጣ ወጣት ቤት ኪራይ አይከፍልም፤ ወተቱም እህሉም ከቤት ነው። ግን በዚያው ልክ ነፃነትም አለው። ዝናብ ሲጥል ወይም ከብት ሲንቀሳቀስ ሥራውን ትቶ ይሄዳል። አሠሪዎች ስለ አርብቶ አደር ሠራተኛ «አይቆይም» ሲሉ የሚያማርሩት ይህንን ነው። ዝቅተኛ ክፍያ እንዲቀበል የሚያስችለውም ጥሎ እንዲሄድ የሚያስችለውም ያው መንጋ ነው፤ አሠሪ የመጀመሪያውን ወስዶ ሁለተኛውን ሊተው አይችልም።

የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውኃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ዓመታዊው ሙላት እንደ ቀድሞው አይመጣም። በጥር 2003 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የታወጀው፣ ሰላማጎንና ኛንጋቶምን ጨምሮ 175 ሺህ ሄክታር ያህል እንዲሸፍን የታቀደው የስኳር ልማትም የግጦሽ መሬት ነክቷል። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሪፖርት በነዋሪው ኑሮ ላይ የሚያስከትለውን አደጋ ሲያነሣ፣ መንግሥት በበኩሉ መስኖ፣ ሥራና አገልግሎት እንደሚመጣ ይከራከር ነበር። ለዚህ ዳሰሳ የሚፈለገው አንድ ነጥብ ነው፦ የደለል ማሽላው ሲቀንስ ደመወዝን የሚደጉመው ጓዳም ይቀንሳል። ያኔ የቀን ክፍያው ለብቻው ሰው ማኖር ይጠበቅበታል፤ ካልቻለ የሚሞላው እርዳታ ነው።

ወጪ የሚተላለፍባቸው ሌሎች መንገዶችም አሉ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ለልማት ሥራ የሚከፍለውን የቀን ሒሳብ የተመነው በሦስት ኪሎ እህል ነበር። ዓላማው መመገብ ነው፤ ግን መንገድና እርከን ይሠራበታል። በጤናው ዘርፍ ደመወዝ የሚከፈላቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥራቸውን ሲያዳርሱ የቆዩት ክፍያ በሌላቸው የሴቶች ልማት ሠራዊት አባላት ትከሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ከሥራቸው ጋር የሚመጣጠን ክፍያ እንዲያገኙ ይመክራል። ቋሚው ሠራተኛም ቢሆን ከማስተላለፍ አያመልጥም። በደቡብ ኢትዮጵያ በተለያዩ አካባቢዎች ባለፉት ዓመታት እንደታየው የመምህራን ደመወዝ ሲዘገይ፣ መምህሩ ለአስተዳደሩ ያለ ወለድ አበድሯል ማለት ነው፤ ባለሱቁ ደግሞ ለመምህሩ።

የአካባቢ ሰውና ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው

ቋሚና ጊዜያዊ ከሚለው ይልቅ በካንጋተን የሚከብደው ልዩነት ምናልባት ይህ ነው። ከጂንካ፣ ከአርባ ምንጭ ወይም ከወላይታ የሚመጣ ባለሙያ ከደመወዙ ሌላ የበረሃ አበል፣ መኖሪያ፣ መጓጓዣ ይፈልጋል። የኛንጋቶምኛ ቋንቋ ስለማይችል አስተርጓሚ ይጨመርለታል፤ ዝውውር ሲያገኝ ደግሞ ልምዱን ይዞ ይሄዳል። በመዝገብ አንድ መደብ የሆነው ሥራ በተግባር የሁለት ሰው ወጪ ይሆናል።

የአካባቢው ተወላጅ እነዚህን ሁሉ አይጠይቅም፤ ችግሩ የሚጠየቀውን የትምህርት ደረጃ የያዘው ቁጥር ማነሱ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በአርብቶ አደር አካባቢዎች የትምህርት መስፈርቱን ዝቅ ማድረጉ ይህን ለመፍታት የተሞከረ መንገድ ነው። አንዱ ወገን ጥራት ይወርዳል ሲል፣ ሌላው ቋንቋውን የሚያውቅና የሚቆይ ሰው ከዲፕሎማ ባለቤት የተሻለ ያገለግላል ይላል። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጂንካ ዩኒቨርሲቲ የዚህን ስሌት መሠረት ሊለውጥ ይችላል፤ ሆኖም የማሠልጠኑ ወጪ የሚወጣው ዛሬ፣ ትርፉ የሚገኘው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የወረዳ በጀት ደግሞ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ብቻ ያያል።

ያልተቋጩ ጉዳዮች

የመጀመሪያው የወሊድ ፈቃድ ነው። የ120 ቀኑን ደመወዝ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ይህም ሴት መቅጠርን በመዝገብ ውድ ያደርገዋል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ባጸደቀው ስምምነት ቁጥር 183 ወጪው በአንድ አሠሪ ላይ እንዳይወድቅ፣ በማኅበራዊ መድን እንዲሸፈን ያመለክታል። ፈቃዱን ማሳጠር ሴቷን ይጎዳል፤ እንዳለ መተው ደግሞ ቅጥሯን ያሰናክላል። መውጫው መድኑ ይመስላል፤ ማን ያዋጣ የሚለው ግን ክፍት ነው።

ሁለተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ነው። አዋጅ 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ጥያቄውን በየሜይ ዴይ ያነሣል። ተቃዋሚዎች ወለሉ ቅጥርን ይቀንሳል ይላሉ፤ ደጋፊዎች የሐዋሳን መለዋወጥ ያነሣሉ። ለካንጋተን ግን ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፦ ለአዲስ አበባ ኪራይና ትራንስፖርት የተሰላ ወለል ከብት ላለው ቤተሰብ ይበዛል ወይስ ከብቱን ላጣው ያንሳል?

ሦስተኛው የጊዜ ገደብ ነው። የግል ጡረታ ሕግ የሚሸፍነው ከ45 ቀን ላላነሰ ጊዜ የተቀጠረን ሰው ነው። ገደቡ አስተዳደርን ያቀልላል፤ ግን ውልን ከዚያ በታች እየቆራረጡ ለማደስ ይጋብዛል። በየወቅቱ ለሃያ ዓመት አገዳ የቆረጠ ሰው ለጡረታ የሚያበቃውን አሥር ዓመት ሳይሞላ ሊያረጅ ይችላል።

ከሦስቱ አቋሞች አንዱም ብቻውን አይበቃም። ሥራው በእርግጥ ወቅታዊ ከሆነና በቀን ከተማረ የመጀመሪያው፣ ሥልጠናው ረጅም ከሆነ ወይም መቅረት ወፍጮ የሚያቆም ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል። ሦስተኛው ግን ከሁለቱ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የሁለቱን ሒሳብ የሚያስተካክል ነው። የአንድ ሠራተኛ ዋጋ ሲሰላ አሠሪው የሚከፍለው፣ ሥራው በመለዋወጥ የሚያጣው፣ ቤተሰቡ፣ መንጋውና ሴፍቲኔቱ የሚሸፍኑት በሦስት ዓምድ ሊሰፍር ይገባል። የግል አሠሪ ሦስተኛውን ዓምድ ቢተወው ትርፍ ስለሚፈልግ ነው ይባላል። ወረዳና ዞን ግን ያን ምክንያት ሊያቀርቡ አይችሉም፤ በጊዜያዊ ቅጥር ያዳኑትን ብር በእርዳታ እህል የሚመልሰው ያው የመንግሥት ካዝና ነውና፣ ለእነሱ ሦስቱም ዓምዶች የራሳቸው ወጪ ናቸው።